ሙሉው ዝርዝርና የወርቅነሽ ስም

ባለፈው ሳምንት ለልጄ የልደት ማስረጃ ላወጣ አንድ ቢሮ ሄጄ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል «ሲስተም የለም» ትላለች። ከፊቴ የነበሩት ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው «የት ሄደ?» ብለው ጠየቋት። ማንም አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም፤ ደሜ ግን ፈላ። ይህን ቃል ስሰማ እንደ ሌላው ሰው «ነገ እመለሳለሁ» ብዬ ተነሥቼ መሄድ አልችልበትም። ሲስተሙ የትም እንዳልሄደ አውቃለኋ! እዚያው አንድ ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ፣ መብራቱን እያብለጨለጨ፣ ሰው እንደ ሰው እስኪጠይቀው ይጠብቃል።

ስሜ ትዕግሥት ነው። ወላጆቼ ስሙን ሲያወጡልኝ ጠባዬን ገና አላዩትም ነበር።

በሃያ አራት ዓመቴ ሶዶ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርሁ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም፤ የገጠርና የከተማ መምህራንን ፋይል እንይዝ ነበር ማለቱ ይበቃል። ዘመኑ አለቃ «የሥራ ሂደት ባለቤት» የሚባልበት፣ ግድግዳው ሁሉ ቀስት በበዛበት ሥዕል የተለጠፈበት፣ ሰውም ገበሬ በረዶን እንደሚፈራ ግምገማን የሚፈራበት ነበር። አለቃዬ አቶ ማርቆስ ይባሉ ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም። ሠራተኛ ሲታመም ሆስፒታል ድረስ ሄደው የሚጠይቁ፣ ደመወዝ ሲዘገይ ከእኛ በላይ የሚጨነቁ ሰው ናቸው። ነገር ግን አንድ ጊዜ ግምገማ ላይ ስለ አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ተጠይቀው መልሱን ሳይዙ ቀርተው ኖሮ፣ ከመድረክ «አመራር ሆነህ መረጃ የለህም?» ተብለው በሰው ፊት ላብ አጠመቃቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያውቁት አንድ ቃል ብቻ ሆነ፦ ሙሉ።

ሙሉ መረጃ፣ ሙሉ ሪፖርት፣ ሙሉ ዝርዝር። የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን ስንት እንደሆኑ ለማወቅ የዞኑን መምህራን በሙሉ ያስጠሩኝ ነበር፤ «ቢጠይቁኝስ?» ይላሉ። የትውልድ ቀበሌ ጨምሪ ይሉኛል፣ እጨምራለሁ። ያገለገሉበትን ቦታ ሁሉ ጨምሪ፣ እጨምራለሁ። ፎቶግራፍ፣ የዲፕሎማ ቅጂ፣ የጋብቻ ሁኔታ። እምቢ ማለት አልቻልሁም ብል ግን ውሸት ነው፤ ደስም ይለኝ ነበር። አንድ አዝራር ሠርቼ «ሙሉ ዝርዝር» የሚል ጻፍሁበት። እሱን ስጫን ሁሉ ነገር ተግተልትሎ ይወጣል። የሌላ ቢሮ ሰዎች መጥተው ሲያዩ አቶ ማርቆስ «የእኛ ልጅ ናት የሠራችው» ይሏቸዋል፤ እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ በሆዴ እኮፈሳለሁ።

ኮምፒውተር ለማያውቅ ሰው ነገሩን በአጭሩ ልናገር። ከመዝገብ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ሰርቨር የምንለው ትልቁ ማሽን ነበር። ፋይሉ ሁሉ ያለው እሱ ዘንድ ነው። የእኛም የወረዳዎቹም ኮምፒውተሮች በመስመር ጥያቄ ይልኩለታል፣ እሱ መልስ ይመልሳል። የእኔ አዝራር ታዲያ ዝውውር የጠየቁትን መምህራን ሁሉ የመዝገብ ቁጥር አንድ በአንድ ደርድሮ፣ የእያንዳንዱን ወረቀትና ፎቶ ጨምሮ፣ በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚጠይቀው። በመጀመሪያው ዓመት አመልካቹም ወረቀቱም ጥቂት ስለነበር ሠራ። በሦስተኛው ዓመት ከጊፋታ፣ ከወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ማግስት እምቢ አለ።

ያን ሰሞን ሰው ሁሉ ሥጋና ሙቹዋ የሚባለውን የበዓል ምግብ ጠግቦ ቢሮው እንቅልፍ እንቅልፍ ይለው ነበር። የዳሞታ ተራራ ራስ ከደመና ወጥቶ በጠዋት ይታያል፣ የመንገዱ ዳር ቢጫ በቢጫ ነው። ትምህርት ተጀምሯል። ክረምት ላይ ማለቅ የነበረበት የመምህራን ዝውውር ግን ገና ነበር። የዝውውር ኮሚቴው የአመልካቾቹ ሙሉ ዝርዝር ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ካልቀረበለት አይሰበሰብም። አዝራሬን ተጫንሁ። ማሽኑ አሰበ፣ አሰበ፣ ከዚያ «ከሰርቨሩ ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጧል» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ደግሜ ተጫንሁ። ተቋርጧል። ሻይ ጠጥቼ መጥቼ ተጫንሁ። ተቋርጧል።

«ግንኙነት ተቋርጧል» የሚል ያነበበ ሰው ምን ያስባል? ገመድ ነዋ! ገመድ አልሁ። ለሦስት ሳምንት የዘለቀው ሞኝነታችን የተጀመረው በዚህች ቃል ነው።

ገመዱን ቀየርን። ተቋርጧል። በኮርኒስ ውስጥ የሚሄደውን ሁሉ አስወጥተን እንደገና ዘረጋን፤ አቧራው ለሁለት ቀን አስነጠሰን። ተቋርጧል። ዘበኛችን «አይጥ ነው» አለና መርዝ ተገዛ፤ አይጦቹ እውነትም ሞቱ፣ የት እንደሞቱ ግን ስላልታወቀ ቢሮው ሳምንት ሙሉ ሸተተ። «መብራቱ ነው» ተባለ፤ የኃይል ማስተካከያ መጣ። ከሐዋሳ የመስመር ባለሙያ ተጠርቶ መጥቶ በመሣሪያው ለካና «መስመሩ ደህና ነው» ቢለን፣ ውሎ አበሉን በልቶ ሄደ ብለን አማነው። በዚያ ቢሮ ውስጥ ያን ሰሞን የኮምፒውተር ባለሙያ ያልሆነ ሰው አልነበረም። ጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር በሩን ገርበብ አድርጋ «ዛሬም ተቋረጠ?» ትለኛለች። አለቅስ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሼ ፊቴን ታጥቤ እወጣ ነበር።

የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ወይዘሮ አስቴር በቤተ ክርስቲያናቸው የጸሎት ቡድን መሪ ነበሩ። አንድ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሁለት ሦስት ሰው ይዘው ወደ ሰርቨሩ ክፍል ገቡና እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት። ወዲያው አንዱ ባልደረባችን የአንድ ትምህርት ቤት መምህራንን ሲጠይቅ መልሱ ፍንጥር ብሎ መጣ። አሜን ተባለ። ከሰዓት በኋላ እኔ ሙሉ ዝርዝሩን ጠየቅሁ፤ ተቋረጠ። ወይዘሮ አስቴር ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው «ያንቺ እምነት ነው የጎደለው» ይል ነበር። ትንሹ ጥያቄ መልስ ሲያገኝ ትልቁ ግን ሲቋረጥ በዓይኔ እያየሁ ልብ አለማለቴ ዛሬም ድረስ ያናድደኛል።

መምህርት ወርቅነሽን ያወቅኋት በዚህ መሐል ነው። ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ፣ ሃላሌ ከተማ የምታስተምር፣ ከእኔ ትንሽ የምትበልጥ ሴት ናት። እናቷ ቦዲቲ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሰኔ ላይ ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆነ። ክረምቱን አጠገባቸው ሆና አስታመመች፤ ትምህርት ሲጀመር ጎረቤት ለምና ጥላቸው ሄደች። ከሃላሌ ቦዲቲ ለመድረስ መጀመሪያ ሶዶ መምጣት አለባት፤ መንገዱ ጭቃ ሲሆን ቀኑ እዚያው ያልቃል። ቅዳሜ ትመጣለች፣ እናቷን አገላብጣ፣ አጥባ፣ እሑድ ትመለሳለች። ዝውውሩን ወደ ቦዲቲ ነበር የጠየቀችው።

ሁለት ጊዜ አርብ አርብ ከሰዓት እያስፈቀደች ቢሮአችን መጣች። ሁለቱንም ጊዜ ጫማዋ ጭቃ ስለነበር ገብታ አልተቀመጠችም፤ በሩ ላይ ቆማ ነው ያናገረችኝ።

«እህቴ፣ ዝርዝሩ ደረሰ?»

«ኔትወርኩ አስቸግሮናል። እንደወጣ ወረዳ እንልካለን።»

«እናቴ ስትጠማ ውኃ እንኪ የሚላት ሰው የላትም። ጎረቤትም ሰለቸ» አለችኝ በሁለተኛው። ቁጣ የለባትም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ አቶ ማርቆስ ጠሩኝ። «ችግሩ ከወረዳ መስመር ሊሆን ይችላል። ሃላሌ ሩቅ ነው፣ ከዚያ ነው የሚበጠሰው። ሂጂና አጣርተሽ ነይ» አሉ። ሃላሌ ያለው መስመር ቢበጠስ ሶዶ ያለው ሰርቨር ከሶዶ ኮምፒውተር ጋር የሚጣላበት ምክንያት እንደሌለ ልነግራቸው ነበር፤ ደክሞኝ ስለነበር እሺ አልሁ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ አይሱዙ ጋቢና ተሳፍሬ ወጣሁ። ዝናቡ የመጨረሻውን ሊጥል የተሳለ ይመስል ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። በቀይ ጭቃው ላይ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። በየመንደሩ ደጃፍ እንሰቱ ታጥቦ ያብረቀርቃል፣ በቆሎ እሸት የሚጠብሱ ሴቶች ጭሱን በእጃቸው እየገፉ ይጠሩናል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ የሚል መንገድ ነው። እኔ ግን ሹፌሩ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ገመድን፣ አይጥን፣ ግምገማንና ሙሉ ዝርዝርን እየረገምሁ፣ ወርቅነሽ ይህን መንገድ በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ እንደምትሄደው ትዝ ሲለኝ ደግሞ እያፈርሁ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሃላሌ ደረስሁ።

የወረዳው መረጃ ያዥ አቶ ዳና ጡረታቸው የቀረበ፣ ኮምፒውተራቸውን በዳንቴል ሸፍነው የሚያስቀምጡ ሽማግሌ ነበሩ። «ሳሮ፣ ሳሮ፣ እንኳን መጣህ» ብለው ተቀበሉኝ። አማርኛቸው ወንድና ሴት ብዙም አይለይም። ሥራ ሳላነሣ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ አስቀረቡልኝ። ዳጣው አፍንጫዬን ከፈተው፤ ለሦስት ሳምንት የተነፈስሁ ያን ጊዜ ነው መሰለኝ።

«መስመሩ ስንት ጊዜ ተቆረጠብዎ?» አልኋቸው።

«ኧረ አንድ ቀን አልተቆረጠም!»

«እንዴት? እኛ ሰርቨሩ አጠገብ ተቀምጠን በቀን አሥር ጊዜ ይቆረጥብናል።»

አቶ ዳና ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «ምን ብለህ ነው የምትጠይቀው?»

«ሁሉንም ነዋ!»

«ሁሉንም ምን ታደርገዋለህ?» አሉ፣ ጎደሬውን እየላጡ። «እኔ ሰው ሲመጣ የሱን ብቻ እጠይቃለሁ። ሲሄድ የሌላውን እጠይቃለሁ። ሁሉም አንድ ቀን አይመጣም እኮ።»

ዳንቴሉን አነሡ፣ በአንድ ጣታቸው እየፈለጉ ለማሳያ የወርቅነሽን ስም ጻፉ። ጣታቸውን ሳያነሡ ወጣች፤ ፎቶዋ፣ የአገልግሎት ዘመኗ፣ የተቀጠረችበት ቀን፣ «የጠየቀችው ቦታ፦ ቦዲቲ»። ያን ጊዜ የባልደረባዬ ትንሽ ጥያቄ፣ የሐዋሳው ሰውዬ መሣሪያ፣ ሁሉም አንድ ላይ ገባኝ። የተበላሸ ገመድ አልነበረም። የተበላሸው ጥያቄዬ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ከጽሕፈት ቤቱ ጋር አጥር ለአጥር ነበር። ለዕረፍት ሲደወል ወርቅነሽ መምጣቴን ሰምታ ጠመኔ በጣቶቿ ላይ እንደነጣ እየሮጠች መጣች። ከአቶ ዳና ትከሻ በላይ ስክሪኑን አየችና በእጇ አመለከተች።

«ይኸው አለሁ እኮ!»

«አለሽ» አልኋት።

«ታዲያ ይቺን አትመሽ ብትወስጂላቸውስ? ሁሉም ተጽፏል።»

«ብቻውን አይሆንም። ኮሚቴው የሚፈልገው ሙሉ ዝርዝር ነው። አሁን ችግሩን አግኝቼዋለሁ፣ ግፋ ቢል አንድ ሳምንት ነው።»

ራሷን ነቀነቀችና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ለእኛ ብለሽ በዚህ ጭቃ...» ብላ ደወሉ ሲደወል ወደ ክፍሏ ተመለሰች። እኔ ደስታ ብቻ ነበር የተሰማኝ። ምስጢሩን ፈትቼዋለኋ! የሷን ነገር እግረ መንገዴን የፈታሁ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ ሶዶ ገብቼ ቀጥታ ሰርቨሩ ክፍል ሄድሁ። ማሽኑ የገጠመውን ሁሉ የሚጽፍበት የራሱ መዝገብ አለው። ከፈትሁት። ለሦስት ሳምንት፣ በየቀኑ፣ ስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደሆነ ሳይቀር፣ ጥያቄው ከተፈቀደው መጠን በላይ ስለሆነ መስመሩን ዘግቻለሁ ብሎ ጽፏል። ሰርቨር «ጥያቄሽ በዛብኝ» ብሎ አይከራከርም፤ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ይዘጋል። ምክንያቱን ግን ጽፎ አስቀምጦልኝ ነበር፤ እኔ ኮርኒስ ሳስፈነቅል አንድ ቀን ገብቼ አላነበብሁም። የሚፈቀደውን መጠን ከፍ ባደርግለት ማሽኑ ትንፋሽ አጥሮት ጨርሶ ቆመ። ስለዚህ ፎቶውንና የወረቀት ቅጂውን ከጥያቄው አወጣሁ፤ ጥያቄውንም በየወረዳው ከፋፈልሁት። ሐሙስ ከምሳ በፊት የሁሉም ወረዳ ዝርዝር ታትሞ ጠረጴዛዬ ላይ ተደረደረ።

አርብ ጠዋት ለአቶ ማርቆስ አቀረብሁ። ገለጥ ገለጥ አደረጉና ፊታቸው ጠቆረ።

«ይሄ የተቆራረጠ ነገር ነው። ሙሉው የታለ?»

«ሁሉም አለ፣ አቶ ማርቆስ። በየወረዳው ተከፍሎ ነው እንጂ አንድም የቀረ የለም።»

«ትዕግሥት፣ ልጄ፣ ዞኑ አንድ ነው፤ ሰነዱም አንድ ነው መሆን ያለበት። አንድ የደብዳቤ ቁጥር፣ አንድ ማኅተም። ይህን ሁሉ ክምር ይዤ ብገባ ከፋፋይ ነው የምባለው።»

ወንበሩን ገለብጬ ልወጣ ምንም አልቀረኝም። ያዳኑኝ ወይዘሮ አስቴር ናቸው። ወረቀቱን አቅፈው ወደ መዝገብ ቤት ወሰዱት። ወስፌያቸውንና ወፍራሙን የፋይል ክር አወጡ። እንደ ድሮ ፋይል ሁሉን በአንድ ላይ በስተው ሰፉ፣ ክሩን በጀርባው ቋጠሩ፣ በቋጠሮው ላይ ወረቀት ለጥፈው ማኅተም መቱበት። ሲጨርሱ ሰነዱ እውነትም አንድ ሆነ። አቶ ማርቆስ በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው መዘኑትና «እንዲህ ነው ሙሉ!» አሉ።

ኮሚቴው ማክሰኞ ተሰበሰበ። ቦዲቲ ላይ ክፍት የነበረው ቦታ አራት ነው፤ የጠየቁት መምህራን ደግሞ ሦስት። ማንንም ከማንም ማወዳደር አላስፈለገም። ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ ስለነበርሁ አየሁት፤ የወርቅነሽን ስም አንብበው ወደሚቀጥለው እስኪያልፉ የወሰደው ጊዜ አንድ ጉንጭ ውኃ የመጠጣት ያህል ነው። ደብዳቤው በማግሥቱ ሄደ።

ከሳምንት በኋላ ወርቅነሽ መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ያን ጊዜም ከበሩ አላለፈችም።

«ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት በነበረው እሑድ አረፈች» አለችኝ። «ቅዳሜ መኪና አጥቼ ቀርቼ ነበር።»

ከዚያ እሑድ በፊት በነበረው ማክሰኞ ሃላሌ ነበርሁ። ይኸው አለሁ ያለችኝ ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ወረቀቷን ይዤ አቶ ማርቆስ ዘንድ ገብቼ ቢሆን ሐሙስ ወይም አርብ ቦዲቲ ነበረች።

ደብዳቤውን ከጉያዋ አውጥታ ዘረጋችልኝ። «ይቅርብኝ። ቦዲቲ ማን አለኝ? ሃላሌ ልጆቹ ይወዱኛል። ስሜን ሰርዙልኝ።»

አቶ ማርቆስ ሲሰሙ በእውነት አዘኑ። ግን «ሰነዱ ተዘግቷል እኮ፣ አንድ ስም ከጎደለ...» ብለው ጀመሩ። ወይዘሮ አስቴር አላስጨረሷቸውም። መቀሳቸውን አንሥተው የሰፉትን ክር በማኅተሙ ላይ ቆርጠው፣ የኪንዶ ዲዳዬን ገጽ መዝዘው አቀረቡላቸው። አለቃዬ እስክሪብቶአቸውን አውጥተው ስሟን በአንድ መሥመር ሰረዙ።

እኔን ማንም አልተቆጣኝም። እንዲያውም የዚያን ዓመት ግምገማ ላይ ችግር ፈቺ ተብዬ ተመሰገንሁ። ብዙ ዓመት ጥፋቱን ለአቶ ማርቆስ ሰጥቼ ኖርሁ። ብጠይቃቸው ኖሮ እሳቸው «የአንዷን ብቻ አይሆንም» ይሉ ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን አላሉም፤ አልጠየቅኋቸውማ። ሰርቨሩን በቀን አሥር ጊዜ ሁሉንም ስጠኝ ስለው የከረምሁ ሴት፣ አለቃዬን የአንዲት ሴትን ጉዳይ አንድ ጊዜ አልጠየቅሁም።

ባለፈው ሳምንት የልጄን የልደት ማስረጃ ላወጣ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ የነበረው ይህን ሁሉ እያስታወስሁ ነው። አምስት ሰዓት ሲሆን ተነሥቼ ወደ መስኮቱ ሄድሁ።

«ልጄ፣ ምን ብለሽ ነው የምትጠይቂው?»

ደነገጠች። ስክሪኑን ወደኔ መለስ አደረገችው። ስም መጻፊያው ባዶ ነው። የዓመቱን ተመዝጋቢ ሁሉ ጠርታ፣ ከውስጡ በዓይኗ ልትፈልግ ነበር። «እንደዚያ አድርጊ ብለው ነው ያሳዩኝ» አለች። አልተቆጣኋትም፤ እንዴት እቆጣታለሁ?

«በመጀመሪያ የእሳቸውን ጻፊ» አልኋት፣ ወደ ሽማግሌው እያመለከትሁ። ጻፈች፤ ወጣላቸው። ከዘራቸውን እያንኳኩ ሲወጡ «መጣ እንዴ?» አሉኝ። ቀጥላ የልጄን ስም ጻፈች፣ ጣቷን ከማንሣቷ በፊት ፊቷ በራ።

«ይኸው፣ አለች!» አለችኝ።

አመስግኛት ወረቀቴን ይዤ መሄድ ነበረብኝ። እንባዬ ቀደመኝ፤ ልጅቷም ሦስት ሰዓት ስላስጠበቀችኝ መስሏት ደጋግማ ይቅርታ ጠየቀችኝ።